ወንበር የያዘው መሐረብ

ማትሱዬ፣ ኖቬምበር 18 ቀን

ለልጄ ለሪትሱኮ፣

የሳፖሮ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም።

በአባትሽ ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ ዕለት፣ ሻይ ሳይቀርብ «ራሴን አመመኝ» ብዬ ከቤተ መቅደሱ ወጣሁ። ራሴን አላመመኝም። ጠዋት ፓቺንኮ ወደሚባለው የቁማር ቤት ሄጄ፣ አንቺ የላክሽልኝን መሐረብ የመጫወቻው ማሽን ላይ አኑሬ ቦታ ይዤ ነበር። መነኩሴው ሲጸልዩ እኔ «መሐረቤን አንስተውት ይሆን?» እል ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሽውን አንቺን ልጄን ደጃፍ ላይ ትቼ ሮጥኩ።

ሕግ ነበረኝ፤ ቅዳሜ ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩት። ከዚያ ማክሰኞ ተጨመረ፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቴን ቤት ትቼ መሄድ ጀመርኩ። አርባ ዓመት የልጆችን ስህተት በቀይ ቀለም ሳርም ኖሬ የራሴን አላየሁም። ያን ቀን አየሁት።

በማግስቱ ፎቶግራፌን ይዤ ወደ ፓቺንኮ ቤቱ ሄድኩ። እንዳያስገቡኝ ራሴ የምፈርምበት ቅጽ አላቸው። ኃላፊው ካጂታኒ ነው፤ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ ያ የጽሕፈት ብሩሽ መያዝ ያቃተው።

«መምህር፣ እርስዎ?»

«አዎ፣ እኔ። ቀጥ ብለህ ቁም። ብመጣ ምን ትለኛለህ?»

«መምህር፣ እባክዎ ይመለሱ» አለ በሹክሹክታ።

«አልተሰማም! ድገመው!»

ተጫዋቹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮኸ።

«ቢቆጡኝስ?»

«እቆጣሃለሁ። አንተ ግን እንዳትሰማኝ።»

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ እንደኔ ቁማር ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ አለ። መጀመሪያ ቀን አንድ ታክሲ ነጂ፣ «እማማ፣ ስለ ልጅዎ ነው የመጡት?» አለኝ።

«ስለ ራሴ ነው። ጠጋ በል» ብዬው ተቀመጥኩ። አሁን ወንበሬን የሚያዘጋጅልኝ እሱ ነው።

ከተውኩ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀኔ ነው። ኮርቻለሁ፤ አልደብቅሽም። በሰማንያ አንድ ዓመቴ የገዛ እጄ ጽሑፍ በዚያ ቅጽ ላይ እንዳማረው አምሮ አያውቅም።

መሐረቡን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ለአዲስ ዓመት ስትመጪ ሻዩን ጠጥተን እስክንጨርስ ከአጠገብሽ አልነሣም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ረቡዕ ከስብሰባው በምወጣበት ሰዓት ደውዪልኝ፤ ቤት እስክገባም ስልኩን አትዝጊው። መንገዴ በዚያ ፓቺንኮ ቤት ደጅ ነው የሚያልፈው።

ጤና አይለይሽ፤ የአባትሽ መንፈስ ይጠብቅሽ።

እናትሽ ኪኑዬ