ሰርከሳችን ካምባ ሊመጣ ነው

ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ ዳልጊቴ፣ ለእህቴ ለአስቴር፣ ለታናሽ ወንድሜ ለማርቆስ፤ የሰማይ አምላክ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ። እኔ በአርባ ምንጭ ደህና ነኝ።

የሰርከስ ቡድናችን ለመጪው ቅዳሜ ገበያ ካምባ ይመጣል። ትርኢታችን ሸክላ ሠሪ እንዳይናቅ የሚያስተምር ነው፤ እኔም ሸክላ ሠሪዋን እጇን ይዞ ወደ ጭፈራው የሚያስገባው የገበሬ ልጅ ሆኜ እሠራለሁ። አሰልጣኛችን፣ «የገበሬ ልጅ ስለሆንክ ያምርብሃል» ይሉኛል፤ እኔም አላርማቸውም።

ሦስት ሰው ትከሻዬ ላይ ሲቆም አልንቀጠቀጥም፤ የእርስዎን የሸክላ አፈር ተሸክሜ ያደግሁ ነኝና። ከላይ የምትቆመው ናዕማ፣ «እናትህን ካላሳየኸኝ አልወርድም» እያለች ትቀልዳለች።

እናቴ ሆይ፣ ፀሐዩ በርትቷልና ያን ቅዳሜ ገንቦዎን ይዘው ገበያ ባይወጡ ምን ይመስልዎታል? ከወጡም፣ ሥራ ላይ ስለምሆን በስሜ ባይጠሩኝ እወዳለሁ።

አስቴር ጽፋልዎት መልስዎን በመጀመሪያው መኪና ይላኩልኝ።

ልጅዎ ዘካሪያስ