ሲስተሙ የዋጣቸው አዴ ፈይሩዛ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ብርዱ አይጣል ነው። ጃኬቴን ሳላወልቅ ዋልኩ። ዌብሳይታችን ላይ ስለ ቢጫ ዋግ፣ ስንዴ ስለሚያጠቃው በሽታ፣ አንድ ጽሑፍ ለጠፍኩ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ኦሮምኛዬን የማጨጃ ኮምባይነራችን ሹፌር ቶፊቅ አረመልኝ፣ እንደ ልማዱ እየሳቀብኝ። "ተወልደሽ ያደግሽው አሰላ፣ የምትጽፊው እንደ ሬዲዮ ዜና!" ይሳቅ... ገበሬው እንደሆነ ያነበዋል።

ከሰዓት አለቃዬ ጋሼ ኃይለመስቀል ጠሩኝ። አዲስ ሲስተም ገዝተዋል። ዌብሳይቱ፣ ማስታወቂያው፣ ኮምባይነር የሚከራዩን ገበሬዎች ዝርዝር... ሁሉም አንድ ላይ። "አንድ ጊዜ ትጽፊያለሽ፣ ለሁሉም ስልክ ይደርሳል። አለቀ!" ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

እስካሁን ዌብሳይቱን ለብቻ፣ ደንበኛውን ለብቻ ይዤ ስሯሯጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ታዲያ ለምን ከፋኝ? ቅናት ይሆን? ከሆነም ይሁን።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ሲስተሙን የሚገጥም ዮፍታሔ የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ጨዋ ነው፤ ግን ችኩል። የደንበኞቹን ስም ሁሉ አስገባና "ድግግሞሹን አጸዳሁልሽ" አለኝ። የምን ድግግሞሽ?

"ተመሳሳይ ስልክ ያላቸውን። አንድ ስልክ፣ አንድ ደንበኛ።"

"እዚህ እኮ አንድ ስልክ ለጎረቤቱ ሁሉ ነው! ሰው የወንድሙን፣ የባለሱቁን ቁጥር ነው የሚያስመዘግበው።"

"እሱን በኋላ እናየዋለን።"

"በኋላ አይደለም፣ አሁን ነው የሚታየው!"

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። "ዳናዊት፣ በናትሽ ገና ሳይጀመር አታወሳስቢው።"

ዮፍታሔ የርክክብ ወረቀት አውጥቶ ፈርሚ አለኝ። ምን ሲደረግ! "መጀመሪያ ሠርቶ ልየው" ብዬ ወጣሁ። ጋሼ ተቆጥተዋል። ይቆጡ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ቶፊቅ ኮምባይነሩን ይዞ ኦጎልቾ ወረደ። የቆላው ስንዴ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከዚያ ሳጉሬ፣ መጨረሻ በቆጂ። ኮምባይነር አንዴ ሽቅብ ከወጣ የዚያ ዓመት ወደ ታች አይመለስም። ዘንድሮ ተራውን የሚነግረው ሲስተሙ ነው፣ ስልኩ ላይ። እስቲ እናያለን...

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ያልኩት ደረሰ። አዴ ፈይሩዛ የሚባሉ ደንበኛችን ከኦጎልቾ ድረስ መጡ፣ ነጠላ ጫማቸው አቧራ ለብሶ። "ኮምባይነሩ ስንዴዬን ጥሎት ሄደ" አሉኝ።

ባላቸው ከሞተ ወዲህ መሬታቸውን የሚያሳርሱት ራሳቸው ናቸው። ስልክ የላቸውም። ያስመዘገቡት የዋርሳቸውን፣ የሟች ባላቸውን ወንድም የሰኢድን ቁጥር ነው። ሰኢድም የተመዘገበው በዚያው። ሲስተሙ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው፤ የያዘውም የእሱን ስም ብቻ። የሰኢድ ማሳ ታጨደ፣ ከጎኑ ያለው የሳቸው ቀረ።

"ቶፊቅን አልነገሩትም?"

"ነገርኩት። ስምዎ የለም አለኝ።"

"ሰኢድስ ምን አለ?"

"ምን ይላል? የሱ ገብቷል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የሞተው ባሌ ነው። እኔ አልሞትኩም።"

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው እዚያው ዛላው ላይ ይበቅላል። የልጆቻቸው የዓመት ቀለብ ነው። ይዣቸው ጋሼ ጋ ገባሁ። ተነስተው ተቀበሏቸው፣ ይቅርታም ጠየቁ። ግን... "ነገ ኮምባይነሩ ሳጉሬ ይጠበቃል። ለአንድ ማሳ ብዬ ያን ሁሉ ሰው ላስቀይም?"

"ጥፋቱ የኛ ነው እኮ ጋሼ!"

"የሲስተም ስህተት ነው።"

የሲስተም! ደሜ ፈላ። ሲስተም እርሻ አለው? ልጅ አለው? ተናግሬ ነበር እኮ! ሁለቱም ፊት ተናግሬ ነበር!

ለቶፊቅ ደወልኩ። "ነገ ከምሳ በኋላ ነው የምነሳው። ጋሼ ካላዘዙኝ ግን ንክች አላደርግም" አለኝ። እሱም እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም።

አዴ ፈይሩዛ እኛ ቤት ያድራሉ። ሳሎን ከእማዬ ጋር እየተጫወቱ ነው። እኔ እዚህ እበግናለሁ። ከምሳ በኋላ... ከምሳ በፊት ምን ማድረግ ይቻላል?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

አደረግኩት።

ጠዋት ገብቼ ዌብሳይቱን ከፈትኩ። የፊት ገጹ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ፤ "ውድ ደንበኞቻችን፣ በእኛ ስህተት ስማችሁ ከተራ የወጣ አላችሁ። ኮምባይነራችን የተመዘገበውን የኦጎልቾ ስንዴ አጭዶ ሳይጨርስ ሳጉሬ አይወጣም። የቀራችሁ ደውሉልን።" ከዚያ "ለሁሉም ላክ" የሚለውን ነካሁት።

አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁሉም ይደርሳል አላሉም? ደረሰ!

መጀመሪያ የጮኸው የራሳቸው የጋሼ ስልክ ነው። ለሙከራ ብለን ደንበኛ አድርገን አስገብተናቸው ነበር። በሩን በርግደው ገቡ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

"አሁኑኑ አጥፊው!"

"ከዌብሳይቱ ላይ አጠፋዋለሁ ጋሼ። ከሰው ስልክ ላይ ግን አይጠፋም።"

"ላባርርሽ እንደምችል ታውቂያለሽ?"

"ይችላሉ። ይኸው።" የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ስልካቸው እንደገና ጮኸ። ሳጉሬ ያሉት ትልቁ ደንበኛችን ናቸው። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ጋሼ ሰሙ... ሰሙ... "እሺ። አመሰግናለሁ" ብለው ዘጉ።

"ምን አሉ?"

"የሰው ስንዴ ጥሎ ወደኔ የሚመጣ፣ ነገ የኔንም ጥሎ በቆጂ ይሄዳል። ጨርሶ ይምጣ አሉ።"

ከዚያ ለቶፊቅ ደወሉ። "ሳትጨርስ እንዳትነሳ!" ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቁልፌን ግን አልሰጡኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ታጨደ! አዴ ፈይሩዛ በቶፊቅ ስልክ ደወሉ። በሞተሩ ጩኸት የሚሉትን አልሰማሁም፤ እልልታቸውን ብቻ። "የኛም ቀርቷል" ያሉትንም እያጨደላቸው ነው።

ሥራ አለኝ ወይስ የለኝም? ቢሮ አልሄድኩም። ከፈለጉ ይጥሩኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዝናቡን ሲያወርደው ዋለ። ቆርቆሮውን እያዳመጥኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጋሼ አስጠሩኝ። ዮፍታሔ ተመልሶ መጥቷል። ቁልፌ እዚያው ያስቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ።

"ፈርሚና ሥራሽን ቀጥይ።"

"አልፈርምም።"

"አሁንም?!"

"ስምና ስልክ ይለያይ። የመመዝገቢያው ገጽ ላይም ስልኩ የእርስዎ ነው ወይስ የሰው የሚል ጥያቄ ይግባ። ያኔ እፈርማለሁ።"

ዮፍታሔ ራሱን አከከ። "ከባድ ነገር አይደለም እኮ። ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ..."

ቀደም ብዬ! አየሁት። የነገርኩት ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ። ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞረው ሳሉ... ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ። "ምን ዓይነቷን ግትር ነው የቀጠርኩት" አሉ። ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ባለፈው ሳምንት ፈረምኩ። ዮፍታሔ ያልኩትን በሙሉ አስተካክሎታል፤ እውነቱን ለመናገር ሲስተሙ አሁን ግሩም ነው። ቶፊቅ በቆጂ ደርሶ በብርድ እያማረረ ነው።

ዛሬ ስለ ዘር አቀማመጥ ጽፌ ላክሁ፣ ለእያንዳንዱ በየስሙ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። ሰኢድ። የአዴ ፈይሩዛ ዋርሳ። በቁጣ ነው የጀመረው።

"ሁለት መልእክት መጣብኝ! አንዱ ለኔ። አንዱ 'ለወይዘሮ ፈይሩዛ' ይላል። ስልኩ እኮ የኔ ነው!"

"አዎ፣ ስልኩ የእርስዎ ነው። ስንዴውስ የማን ነው?"

ድምፁ ረገበ።

"የሷ" አለ።

"እንግዲያው ይሂዱና ያንብቡላቸው።"