ኮቱ የኔ ነው፣ ሞቱ ግን አይደለም

አል ዓይን፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.

ውድ ልዑልሰገድ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ዛሬ እምብዛም ውድ አይደለህም።

ነፊሳ፣ እዚህ የእርሻ ቤት አብራኝ ያለችው የወሎ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ምን ያደክምዎታል፣ በድምፅ ይላኩለት» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ድምፅ ብልክልህ ትቆርጠዋለህ፤ መቁረጥና መቀጠል ሥራህ ነው። በገዛ እጄ የጻፍኩትን ግን እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። ፊደል የቆጠርኩት ጺም ካበቀልኩ በኋላ መሆኑን ታውቃለህ፤ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ቻለው። ነፊሳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ ያልከኝን ልድገምልህ፣ በኋላ አላልኩም እንዳትል።

«እንየው ወንድሜ፣ ፊልማችን ተገኘ!» አልከኝ። ጥቅሉ ያን ሁሉ ዘመን ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ኖሮ፣ አሁን ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ፣ ሲኒማ ቤቱ በኮሮና ስለተዘጋ በኢንተርኔት ለዓለም ሊታይ ነው። ደስታዬን ሰምተሃል፤ እንደ ሕፃን ጮኼአለሁ። ቀጥለህ «መጨረሻው ላይ ‘በምሥራቅ ግንባር ለወደቀው ተዋናይ መታሰቢያ ይሁን’ የሚል ጽሑፍ አለው» አልከኝ።

«እኔ እኮ አልወደቅሁም» ስልህ ሳቅህ።

«አውቃለሁ። ግን ፊልሙን አቁሞ የያዘው ሞትህ ነው። ሰው ‘ይሄ ልጅ እኮ የምሩን ነው የሞተው’ ብሎ ነው የሚያለቅስ። ጥቂት ወር ብቅ አትበል። በረሃ ውስጥ ነህ፣ ማን ያይሃል?»

ማን ያይሃል! ስልኩን የዘጋሁት ተስማምቼ አይደለም፤ ያፌን ፈርቼ ነው።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። ጓንጉልን ስጫወት ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጓንጉል ሚስቱን ትቶ አሰብ ወደብ ሊሠራ የሚሄድ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ነው። አንተ የጻፍከውን ሚስቴ ዘነበወርቅ ታነብልኛለች፣ እኔ ሰምቼ እይዛለሁ። ያቺን የመመለሻ ቦታ ከግቢያችን በር ላይ ስንት ጊዜ ተለማመድናት! እኔ ከውጭ «ቤቶች!» እላለሁ። እሷ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች። «እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ!» ጎረቤቶቻችን «ዛሬም መጣ?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ሌላው ሁሉ ተቀርጾ ያቺ የመመለሻ ቦታ ብቻ ስትቀር የሶማሌ ጦርነት ሆነና ተጠራሁ። አንተም እስከ መኪናው ሸኝተህ «ስትመለስ በሯን እንቀርጻለን» አልከኝ። ረሳኸው?

ቆስዬ ተማረክሁ። ከጎኔ የነበረ ልጅ ስወድቅ አይቶ «ሞቷል» አለ፣ መርዶው አዲስ አበባ ደረሰ፣ ድንኳን ተጣለ። አገራችን ለሟች ሲለቀስ ልብሱ ይያዛል፣ ፎቶው ይያዛል። ዘነበወርቅ ግን ምን ትያዝ? ያለኝን ልብስ ለብሼው ሄጃለሁ፣ ፎቶ የለኝም። ስለዚህ አንተ ዘንድ መጣች። «የሚለቀስበት ነገር ስጠኝ» አለችህ። የጓንጉልን ኮትና በኮቱ የተነሳሁትን ፎቶ ሰጠሃት። ደግ ሠራህ። ከዚያ ካሜራህን ተሸክመህ ተከተልካት። ኮቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ደረቷን ስትደቃ ቀረጽክ፣ የፊልሙ መጨረሻ አደረግኸው። ኮቱ አንድ፣ ፊቱ አንድ፤ ማን ይለየዋል? በፊልሙ ጓንጉል አሰብ ሞቶ ቀረ።

ከአሥራ አንድ ዓመት እስር በኋላ ስመለስ ዘነበወርቅ ከሏን አውልቃ ጣለች። አንተ ግን «ፊልሙ ጠፍቷል፤ ደግሞ ፊትህ ሌላ ሆኗል» አልከኝ። ፊቴን ተሸክሜ መሪ ጨበጥኩ፣ መሪው አቡዳቢ አደረሰኝ። እዚያ አል ባጢን ሰፈር ለአንድ ቤት ስነዳ ከርሜ፣ ዓይኔ ሲደክም ይሄን የእርሻ በር ጠብቅ ተባልኩ። አላማረርኩም። ሥራ ነው።

ዘነበወርቅ ያረፈችው ሚያዝያ ላይ ነው። ደውለህ «እግዜር ያጥናህ» ብለሃል፣ አልክድም። አውሮፕላን ቆሞ ነበር። ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ደግ ሰው ነው፣ እጁን ዘርግቶ «ሰማዩ ተዘግቷል፣ በምን ልላክህ?» አለኝ። አዲስ አበባም መሰብሰብ ተከልክሎ ዕድሩ ድንኳን መጣል አልቻለም። ጥቂት ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ቀበሯትና በየቤታቸው ገቡ። ኸላስ፣ በቃ። እስቲ አንተው ፍረድ፦ ላልሞተው ድንኳን ተጣለ፣ ለሞተችው ተከለከለ።

የላክህልኝን የፊልም ቁራጭ ከነፊሳ ጋር ነው ያየሁት። የአል ባጢኑ ቤት ወጥ ቤት ናት፤ ማዳም በሽታውን ሽሽት ልጆቹን ወደዚህ ስታመጣ አብራ መጥታ መንገዱ ተዘጋባቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ቆንጆ ማናት?»

«ሚስቴ።»

«ለማን ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

«ለእኔ።»

ዞራ አየችኝ። «ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሳቅን። ቀጥሎ እኔ መሳቅ አቃተኝ፣ እሷም «ጋሼ፣ አብሽሩ» አለችኝ። የዘነበወርቅ ስትንቀሳቀስ የምትታይበት ሌላ ምስል በዓለም ላይ የለኝም፣ ልዑልሰገድ። ስለዚህ ልቅሶዋን አውጣ አልልህም። አትንካው። ከሱ በኋላ ግን የኔ ይቀጥላል።

«የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ የሃያ አምስት ዓመቱን ጓንጉል ሆኖ ይመለሳል?» እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ አርጅቶ ይመለሳል! የምሩም የተመለስኩት አርጅቼ ነው።

ኮቱ እጄ ላይ ነው። ዘነበወርቅ ናት ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው። «እዚያ እኮ ብርድ የለም» ብላት «የሰው አገር ብርድ አያጣም» አለች። ትናንት ለበስኩት። ነፊሳ በስልኳ እየቀረጸችኝ «በዚህ ሙቀት! ኮሮና የማረዎትን ኮት ሊገድልዎት ነው» ትላለች። ከቴምሩ ዛፎች ሥር እየተራመድኩ መጥቼ ያንን የብረት በር አንኳኳሁ፤ እኔው የምጠብቀውን በር።

«ቤቶች!»

በሩ ተከፈተ። ማዳም ናት! ዕቃ ያመጣ ሰው መስሏት። በዚያ ሐሩር የክረምት ኮት ለብሼ ስታየኝ «ነፊሳ! ባባ እንየው መጅኑን ሆነ?» አለች፤ አበደ ወይ ማለቷ ነው። ነፊሳ ከኋላዬ «ላ ማዳም፣ ፊልም፣ ፊልም!» ብላ ጮኸች። ይሄኛውን አልላክሁልህም።

ሁለተኛውን ስንጀምር ነፊሳ «እኔ ከውስጥ ‘ማነው?’ ልበል?» አለችኝ። አትይም አልኳት። በዘነበወርቅ ቦታ ሌላ ሰው አይገባም።

አንኳኳሁ። የአፍ መሸፈኛዬን አወለቅሁ። «ቤቶች!» አልኩ። ጠበቅሁ። «እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ» አልኩ። የከፈተ የለም። ያን ጊዜ ኮቱን አወለቅሁና እሷ እንደያዘችው ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «ዘነበወርቄ፣ አንቺ በሐሰት መርዶ ያለቀስሽልኝን እኔ በእውነቱ ሳላለቅስልሽ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ይሄ አንተ የጻፍከው አይደለም። የኔ ነው። ነፊሳ እያለቀሰች ነው የቀረጸችው፤ ምስሉ ቢወዛወዝ እንዳታስተካክለው።

እነሆ ልኬልሃለሁ። ከልቅሶዋ ቀጥሎ ትገጥመዋለህ። መታሰቢያ መጻፍ ካማረህ «ለዘነበወርቅ» ብለህ ጻፍ፤ የሞተችው እሷ ናት። አላደርግም ካልክ ደግሞ ነፊሳ ነግራኛለች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲለቀቅ ከሥሩ ማንም ሰው መጻፍ ይችላል። ጣቴ ቢዘገይም ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፦ «አለሁ። እንየው።» ብታጠፋው ደግሜ እጽፋለሁ። ዘበኛ ነኝ፣ ጊዜ አላጣም።

ጦርነቱ ፊቴን ወሰደ፣ አንተ መመለሻዬን ወሰድክ፣ በሽታው የሷን ድንኳን ወሰደ። ከእንግዲህ የምሰጠው የለኝም። የምሩን ስሞት ያንን ጽሑፍ አውጥተህ ትለጥፋለህ፣ አልከለክልህም። እስከዚያ ግን በር ላይ ቆሜ እያንኳኳሁ ነው፤ ክፈት።

ከእርሻው በር፣
በቁሙ የጻፈልህ
እንየው