ሁሉን ጠርጥረው ጋዙን ያመኑት ወንድማችን

ወንድማችን ከቧንቧ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን አባታችን ማክሰኞ፣ እናታችን ሐሙስ ይሉ ስለነበር እሳቸው ሁለቱንም ሳያምኑ ኖሩ። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ነኝ። «ሚስቱ ክኒኑን ችላ ብላበት ነው የሞተው» የሚለው ሹክሹክታ ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬ ስለደረሰ ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ክፍል ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸው ሥራቸው ጋዝ እንዳያመልጥ መጠበቅ ነበር። በቫልቩ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አዲስ አረፋ ከተነሳ ጋዙ እያመለጠ ነው። «ዓይን ያታልላል፣ አረፋ አይዋሽም» ይሉ ነበር። ሰውንም እንዲሁ ስለሚመረምሩ «ጋሼ ይፈተሽ» ተባሉ።

በ1972 ዓ.ም. የጠርሙስ ክፍል ተቆጣጣሪዋን አገቡ። ለሠርጉ የተከራዩትን ወንበር ሁሉ እየተቀመጡ ሞክረዋል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ከጡረታ በኋላ የደም ግፊት ያዛቸው። ሐኪሙ ያዘዙትን ክኒን «ማን እንደሠራው የማላውቀውን?» እያሉ ይጠረጥሩ ነበር። ከዚያ ሴት ልጃቸው ለደም ሥር ይበጃል ሲባል ሰምታ ወደ ጋዝ ሕክምና ቤት ወሰደቻቸው። እዚያ እስከ ወገባቸው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅበታል። እሳቸው ከረጢቱን በአረፋ ፈተሹት፤ የሚያፈስ ነገር አላገኙም። እግራቸው ሞቀ፣ ቆዳቸው ቀላ፣ ግፊታቸውም ሲለካ ወረደ። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ነውና ጋዙን አመኑት። ሐኪሙ «ደም ሥሩ ለጊዜው ሰፍቶ ነው፣ ክኒኑን እንዳይተዉ» ቢሏቸው ሐኪሙን ጠረጠሩ።

እኔ ደግሞ ወንድሜን ጠረጠርኩ። ባለቤታቸው ግን «በየጠዋቱ ፊቴ ነው የሚውጠው» ብለው ማሉልኝ።

ባለፈው እሑድ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ በማግስቱ አረፉ። ኮታቸውን ስናነሳ ገበሩ ውስጥ ምራቅ የነካቸው ክኒኖች ተገኙ። ለካ ምላሳቸው ሥር እያቆዩ ያወጧቸው ነበር። የጋዝ ቤቱ ሰውዬ «ተዉ አላልኳቸውም» ይላል፤ እስካሁን አላመንኩትም። በወንድሜም በጣም ተናድጃለሁ፤ እየናፈቁኝ ነው የተናደድኩት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በሌለበት ያሳርፍልን፤ የቀሩትንም ያጽናልን። ባለቤታቸውን ግን ማንም እንዳይወቅስብኝ። ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረውን ሰው አፍ በአረፋ የሚፈትሽ ማን አለ?