ጥሩምባዬን ትቼ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅ. 4፤ ጠዋት

ከጭድ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ነፍቼ ተመለስኩ። ከንፈሬ አብጧል። የልብስ ሰፊው እናት አርፈዋል፤ ቀብር ከዙህር ሰላት በኋላ። ነፋሁ፣ ስም ጠራሁ፣ ደግሜ ነፋሁ። ሌላ ጊዜ መስኮት ይከፈታል፣ ማነው ማነው ይባላል፣ ሴቱ ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ዛሬ ቀና ያለ የለም። አንዱ ጎረምሳ ጥርሱን እየፋቀ፣ "አይተነዋል ጋሼ። ሌሊት ስልክ ላይ፣ እድሩ ግሩፕ ውስጥ ተለቋል። ለምን ይለፋሉ?" አለኝ።

አይተነዋል! ሞት ይታያል እንዴ? ሞት የሚሰማ ነገር ነው። መሀል መንገድ ደርቄ ቀረሁ፤ ባለጋሪ ሰደበኝ።

የእድራችን ሊ/መንበር ነስሩ ዱባይ ተራ ጫማ ያከፋፍላል። ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ባለውለታችን ነዎት ምናምን። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ነገር መጨረሻው አያምርም። እሁድ እድሩ ይሰበሰባል አለኝ፤ ለፋፊ ያስፈልጋል አያስፈልግም ይወሰናል። በክብር ሊያሳርፉኝ ነው። ማን ደከመኝ አለ?

ስማ ደብተር። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ራህመት ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርም። የዚህን ሰፈር ሰው ስም ከነአያቱ በቃሌ ይዣለሁ። ሊቀመንበር የሚለውን "ሊ/መንበር" ብላ ቆረጠችው። እሰይ፣ ይቆረጥ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 5፤ ከአስር ሰላት በኋላ

ወስኛለሁ። ሞት በዚያ የሚለፈፍ ከሆነ የሚለፍፈው እኔ ነኝ።

ችግሩ እድርተኛው ስልክ ላይ አንድ ቦታ የለም። ሽማግሌው አረንጓዴዋ ላይ ነው። ሴቱ ሰማያዊዋ፣ የወረቀት ወፍ ያለችው ላይ። ወጣቱ የሚጨፈርባት ጥቁሯ ላይ። ስማቸውን አላውቅም፣ በቀለም ነው የምለያቸው። በስልክ ሞከርኩ። አውራ ጣቴ ጭድ ሲያስር የኖረ ነው፣ አንዱን ሲነካ ሦስቱን ይነካል። ለማላውቃት ሴት ቀይ ልብ ላክሁ። አስተግፊሩላህ!

ራህመት የስልክ ልባስና ቻርጀር ነው የምትሸጠው፤ ቤት ትልቅ ኮምፒውተር አላት። ሦስቱንም በአንድ መስኮት የሚሰበስብ ፕሮግራም አይጠፋም ትላለች። አምጪዋ አልኳት።

አንዱን ጫነች። ገና ሲከፈት ገላዋን የምትታጠብ ሴት ብቅ! ሳሙና ልትሸጥልኝ ነው። የሰው እናት ሞተች የምለው ከዚች ጎን ሆኜ ነው? ዝጊ አልኩ። ሌላ አመጣች። ይሄኛው ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድሯል፣ ጨዋ ነው፤ ድምፅ ግን አይቀበልም፣ ጻፍ ይላል። መጻፍ የማይችል አይግባ የሚል እድር አይተህ ታውቃለህ? ይሄም ይጥፋ።

ራህመት፣ አባዬ፣ ለእኔ ባል ስትመርጥ እንኳ እንዲህ አላማረጥክም አለች። እሱስ እውነቷን ነው። ይጻፍ።

ረቡዕ

ዝናብ። ሌላ ፕሮግራም። አማርኛውን ሁሉ ሳጥን በሳጥን አደረገው። ራህመት ራሷ ማንበብ አቃታት፤ አባትና ልጅ ዛሬ እኩል ሆነን ዋልን። ተናደደች። እኔ ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 7፤ ጠዋት

ተገኘ! ሦስቱም በአንድ መስኮት። ፊደሉ አይበላሽም፣ የሰው ፎቶ የእንጀራ ሰፌድ ያህላል፣ ሳሙና የለም። ታች ቀይ ማይክራፎን። ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለሦስቱም ሰፈር በአንድ ጊዜ ይደርሳል። በጉርምስናዬ እንኳ እንዲህ አልሮጥኩም። እሁድ ነስሩ ፊት አስቀምጬው አፉን ነው የማስይዘው። ራህመት ይህን ጽፋ ሱቋ ትሄዳለች። እስክትመለስ ድምፄን እሞክራለሁ።

ያው ሐሙስ፣ ከአስር ሰላት በኋላ

ያ ረቢ። ራህመት፣ ጻፊ።

የለፋፊ ድምፅ የሚመዘነው ስም ሲጠራ ነው። ስም የሌለው ሙከራ ሙከራ አይደለም። የቆመን ሰው ሞተ ብል ሟርት ነው፤ በማን ላይ አሟርታለሁ? የራሴ ስም የራሴ ነው፣ ማን ይከሰኛል? ቀዩን ተጫንኩ። የጭድ ተራ እድርተኞች ሆይ፣ ሸምሱ ከሊል አርፏል፣ ቀብሩ ዛሬ ከአስር ሰላት በኋላ ነው፣ ያልሰማህ ስማ አልኩ። አሳምሬ! መልሼ ልሰማው ነበር ሐሳቤ። ጣት ሲነሳ ያኔውኑ እንደሚሄድ አልነገረችኝም። ነግሬሃለሁ ትላለች። እንጃ።

ምንም ሲመለስ አልሰማ ስል፣ አልያዘም ብዬ ለዙህር መስጊድ ሄድኩ። እዚያው ቁርኣን ሲቀራ እያዳመጥኩ ቆየሁ።

ስመለስ በሬ ላይ ምሰሶ ተደግፏል። ሁለት ድንኳን ተካዮች ገመድ ይፈታሉ። ቅቤ ነጋዴዋ ብርቄ መሬት ላይ ሆና ደረቷን ትደቃለች። ራህመት ናት አልኩ! ልጄ ሞታለች! እንደምንም፣ "ብርቄ፣ ማን ሞተብን?" አልኳት ከኋላዋ።

"ጋሽ ሸምሱ ናቸው እንጂ! ወይኔ የሰፈሩ ድምፅ!" ዞረች። አየችኝ። የጮኸችውን ጩኸት ሲኒማ ራስ ሳይሰሙት አይቀሩም። ቀጥሎ ተነስታ በነጠላዋ ጀርባዬን ትለው ጀመር። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ "አንተ! ሞተህ የለም ወይ? ሱቄን ክፍት ጥዬ ነው የመጣሁት! ቅቤዬን ይኼኔ ድመት በልቶታል!" ድንኳን ተካዮቹ እንትከል ወይስ እንንቀል ይላሉ።

በዚህ መሀል ሐጂ ሙዘሚል፣ የጭድ ተራ አብሮ አደጌ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ብቅ አለ። ከረመዳን ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ሲያየኝ አልጮኸም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ለመመለስ ታገለ።

ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ

ሱቅ ሆና ስልኳን ሳታይ የቆየችው ራህመት መስኮቱን ከፍታ አሳየችኝ። ሌላ ድንጋጤ። የሚያለቅስ ቢጫ ፊት፣ በሱ ስር የሚያለቅስ ፊት፣ በሱ ስር ሻማ። ብትወርድ ብትወርድ አያልቅም። እድሩ በሙሉ አልቅሶልኛል። ነስሩ የእድራችን ምሰሶ ወደቀ ብሎ ረጅም ጽፏል። የሱ ሱቅ ከቤቴ ብጠራው የሚሰማኝ ቅርብ ቦታ ነው። በሬ ላይ ግን ብርቄ፣ ሐጂ፣ ሁለት ድንኳን ተካይ። በቃ!

የባሰው ገና ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ድምፄ። ስንት ዓመት በዚህ ድምፅ ከእንቅልፉ የቀሰቀስኩት ሰው፣ የሞተ ሰው እንዴት ይናገራል ያለ አንድ የለም! ራህመት ስታጣራ አንዱ ሰምቶ ሞተ ብሎ ስሜን ጽፏል፤ ሌላው የሱን አይቶ አልቅሷል፤ ድምፁን ከፍቶ የሰማ ጥቂት ነው።

አባቴ ደህና ነው፣ ስህተት ነው ብላ ጻፈችላቸው። ከጽሑፏ ሥር የሚያለቅሱ ፊቶች መጡ። አሁንም ይመጣሉ።

አርብ፣ ጥቅ. 8

ከጁምዓ በኋላ መንገዱ ሁሉ ሳቅ። ጋሼ፣ ከወዲያ ምን ይዘውልን መጡ? አለኝ አንዱ። ያንተን ቦታ አይቼልህ መጣሁ፣ ሙቀቱ አይቻልም አልኩት። አንዱ ጫማ ሻጭ ምሎ ተገዘተ፤ ልመጣ ስል ዕቃ እየተራገፈ ነበር አለ። ማን ጠየቀህ?

ሐጂን ልጠይቅ ሄድኩ። ትናንት በወጣበት ብሶበታል። እግሩ አብጦ አልጋ ጠርዝ ላይ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። "ሸምሱ፣ ስልክ የሚለው ቢሆን አጣርቼ እነሳ ነበር። አንተ ጠርተህ ሐሰት ሆኖ ስለማያውቅ ነው የተነሳሁት" አለኝ።

ሐሰት ጠርቼ ሰው ከአልጋ አስነሳሁ። እኔ!

ቅዳሜ

አትጻፊ አልኳት። ይህን ጻፈች።

እሁድ፣ ጥቅ. 10፤ ከስብሰባ መልስ

ነስሩ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ። ሐሙስ አፍረናል አለ፤ ጣት እንጂ እግር አልመጣም፤ ጥሩምባው ይቀጥል። እጅ አውጡ ተባለ። ያላወጣ ፈለግሁ። የለም! ሳምንቱን ሙሉ የታገልኩለት በእጄ ገባ።

ተነሳሁ። ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልፈልግም አልኩ። ነገርኳቸው፦ ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ከኮምፒውተሩ አይወጣም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የቆመ ሰው ሞተ ያለ ለፋፊ ሁለተኛ አይታመንም። በእኔ ቃል ሐጂ ሙዘሚል ታሞ አልጋ ለቋል። ነገ ሌላ ስም ብጠራ አንዱ፣ ቆይ እስቲ እናጣራ ይላል። እሱ እስኪያጣራ ቀብር ያልፋል።

ታዲያ ማን ይንፋ? አሉ። ብርቄ አልኩ። ሱቋን ክፍት ጥላ የመጣች እሷ ናት። ሴት ጥሩምባ? ተሳቀ፣ ተንጫጩ። ብርቄ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ "ምን ያስቃችኋል? እኔ ስጮህ አልሰማሁም ያለ ማን አለ?" አለች። አንድም አልተገኘ። ጸደቀ።

ራህመት አሁን ከፍታ አየች። ፊቶቹ ዛሬም ያለቅሳሉ። እንግዲያው በጽሑፍ አይሆንም። ነስሩን ለምኜ አንድ ጠዋት አስፈቅጃለሁ። ነገ ከሱብሂ ሰላት በኋላ እወጣለሁ፤ ከጭድ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ፣ መጀመሪያ ሐጂ በር ላይ። ነፍቼ የምለው ይህ ነው፦ ሸምሱ ከሊል አልሞተም። ሞተ ያለው ውሸቱን ነው። ያለውም ሸምሱ ከሊል ነው።

ከዚያ ጥሩምባው የብርቄ ነው። በቃ ራህመት፣ አቁሚ፤ ጉሮሮዬን ላሳርፍ።