ወልዴ ያለ ከስክስ ጫማ

ነገሌ ቦረና፣ መጋቢት 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለወይዘሮ ንግሥት
ዲላ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቴሌግራሙ የደረሰሽ ከቀብሩ በኋላ እንደሆነ ሰማሁ። በዚህ ሙቀት አስከሬን አይቆይምና ልንጠብቅሽ አልቻልንም፤ አትቀየሚን። ባለቤትሽ ወልደሚካኤል መጋቢት 3 ቀን ረቡዕ አረፈ። ወባ ነው። አልተሠቃየም ብዬ አልዋሽሽም፤ አምስት ቀን አቃጥሎታል።

ለቀብሩ ከተማው ነቅሎ ወጣ። ያልመጣ የጦሩ ሰው የለም። ድንኳን ውስጥ የሚወራው ሁሉ የጥንቱ ነበር፦ የጦሩ ቴአትር ክፍል ሳለን ወልዴ ያንን ትልቅ ከስክስ ጫማ አጥልቆ፣ እኔ አስር አለቃ ሆኜ "ግራ ዙር!" ስለው፣ ሰውነቱ ዞሮ ጫማው ሳይዞር የሚቀረው። አንቺም ስቀሽ ከአግዳሚው የወደቅሽበት። የኋለኛውን ሥራውን ግን አንድም ሰው አላነሣም። እኔም ጭምር።

አንቺ ትተሽው ዲላ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነውና አላየሽውም። ጡረታ ሲወጣ ጫማውን ለአንድ ዘበኛ ሰጠና የሺ ጠጅ ቤት በርጩማ ብቻ ይዞ መጫወት ጀመረ። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰውዬ ሚስቱ ከጭነት መኪና ስትወርድ እንዳትቸገር ብሎ፣ መኪና በገባ ቁጥር በርጩማ ይዞ ይወጣል። መኪናው ወደፊት ፈቀቅ ሲል እሱም ፈቀቅ፤ ወደኋላ ሲል ወደኋላ። የፍየል ነጋዴው ረግጦት ሊወርድ ሲል "ይቅርታ ጌታዬ፣ ተይዟል" ይለዋል። ነጋዴው ዘሎ ይወርዳል፤ ፍየሎቹ ግን አንድ በአንድ በርጩማውን እየረገጡ ይወርዳሉ። መኪናው ባዶ ሲሆን ሰውዬው በርጩማውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አለቀ።

ሰው "ጫማውን! ጫማውን!" እያለ ይጮህበት ነበር። እኔ ራሴ፣ "ወልዴ፣ ሰው የመጣው ሊስቅ ነው። ይህን ተወው፣ አለዚያ እኔ አልመጣም" አልኩት።

"እንግዲያው ቅር" አለኝ።

ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልቱ የከብት ገበያ ድረስ ብቻውን እየሄደ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቀ ተጫወተው።

በሠልስቱ ዕለት ጎዳና የሚባሉ ሽማግሌ ከሊበን በእግራቸው መጡ። "ናጋ?" በሚለው የቦረና ሰላምታ ገቡና፣ "ያ ባለ በርጩማው ሞተ አሉኝ" አሉ። ስለ ጫማው ሰምተው አያውቁም። ያዩት ፊልቱ ገበያ ላይ ነው፤ ሚስታቸው በሞቱበት ዓመት።

"ከቀበርኳት ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር" አሉን። "ፍየሎቹ ሲወርዱ ሳቅሁ። ልጆቼ አበደ ብለው ደነገጡ።"

ከዚያ ብድግ ብለው፣ በዚያ በረጅም ቁመታቸው አጎንብሰው፣ ጨዋታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በኦሮምኛ ተጫወቱት። ምንም አላስቀሩም። ለቀስተኛው ሳቀ። የሺ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ጨዋታ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በታመመ ጊዜ አጠገቡ ነበርኩ። "ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሚስቲቱን ብታወርዳት? ሰው ደስ ይለው ነበር" አልኩት።

በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ፈገግ አለ። "ከወረደች በኋላ ምን እንደምላት አላውቅማ፣ ተክሉ።"

ስምሽን አልጠራም። እኔም አልጠራሁም።

አርባው ሚያዝያ 12፣ ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ይውላል። ከመጣሽ የሺ ዘንድ ታርፊያለሽ። ካልመጣሽም የሚወቅስሽ የለም፤ እኔማ በምን አፌ! አንቺ ዲላ ሆነሽ ነው የራቅሽው። እኔ የራቅሁት እዚሁ ጎረቤቱ ሆኜ ነው።

የሆድሽን ኀዘን እሱ ፈጣሪ በጥበቡ ያቅልልልሽ። ወልዴን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

ወንድምሽ
ተክሉ