መለኪያ የሌላቸው ቁጥሮች

«ለአባትህ እንዳትነግረው። ሲገባው ይናደዳል፣ ሳይገባው ሲቀር ደግሞ ይብስበታል።»

ጽጌ፣ ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ነጥቡን እንኳ ሳልነካ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። የጻፍሽው ለልጃችን ለናሆም ነው፤ እኔ ያገኘሁት ስልክሽ ውስጥ ነው። ከተለየሽኝ ዛሬ አሥር ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ወር ተኩሉን ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ስጨቃጨቅ ነው ያሳለፍኩት። ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ስለ እኔ እንዲህ መጻፍ እንደምትችዪ አላውቅም ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ትክክል መሆንሽ ነው። የገባኝን ያህል ተናድጃለሁ። ያልገባኝ ደግሞ ይበልጣል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

የቤቱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከኋላችን የነበረው ሜዳ ቤት ተሠርቶበት አልቋል፤ ከመኝታ ቤታችን መስኮት አሁን የሚታየው የሰው ጋራዥ ነው። ሥራዬም እዚያው ሪቻርድሰን ከተማ ነው። ስለ አጥሩ ለሰፈሩ ማኅበር የጻፍኩት ደብዳቤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን መልስ አገኘ። «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመለስልኝ፤ ካልሆነ ዝምታችሁን እንደ ፈቃድ እቆጥረዋለሁ» የሚለውን መዝጊያዬን ባነበብሽ ቁጥር ትስቂ ነበር። «ታዴ፣ አንተ እኮ ለመድኃኔ ዓለምም እንዲህ ብለህ ነው የምትጸልየው» ትዪኝ ነበር። ልብሶችሽን አልነካሁም። ስልክሽን ግን ነካሁት።

ኮሞዲኖሽ ላይ እንደተሰካ ነበር የቀረው። ከቀብርሽ ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ ይንቀጠቀጣል። የማንቂያ ደወል መስሎኝ ተውኩት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ለሙት ዓመትሽ የሚሆን ፎቶ ልፈልግ ብዬ ከፈትኩት። የይለፍ ቁጥሩ የናሆም ልደት ነው። ያገኘሁት በሁለተኛው ሙከራ ነው፤ መጀመሪያ የሞከርኩት የጋብቻችንን ቀን ነበር።

ፎቶ ሳላገኝ የባሕር ወሬ አገኘሁ። «ሞገድ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሦስት እስከ አራት ጫማ፣ አሥራ አራት ሰከንድ። ነፋስ ከየብስ፣ ቀላል። ሪፉ፣ ማለትም የባሕር ዐለቱ ላይ፣ ውሃው ረፋድ ላይ ዝቅ ይላል። ሁኔታው፦ ጥሩ።» በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ብሄድ፣ ብሄድ፣ በየቀኑ አለ። አራት ዓመት ሙሉ። ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ስላለ፣ ከውሃ በታች ስለተኛ አንድ ዐለት፣ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወሬ ሲደርስሽ ኖሯል።

የዳላስ ጎረቤት ዋይሊ ባሕር የለውም። ያለን ሐይቅ ነው፣ ያውም ሰው ሠራሽ። አንቺ መዋኘት አትችዪም፤ ሐይቁ ዳር ምሳ ይዘን ስንሄድ እንኳ ጀርባሽን ለውሃው ሰጥተሽ ነበር የምትቀመጪው። ስልኩ የሌላ ሰው መሆን አለበት ብዬ የኋላውን ሽፋን አውልቄ አየሁ። ያንቺው ነው፤ የማርያም ሥዕል ከውስጥ ተለጥፎበታል።

ከዚያ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ትዝ አለኝ። በየበዓሉ ጎን በትንንሹ ቁጥር ትጽፊ ነበር። ከሚካኤል ጎን 4 እና 14፤ ከጊዮርጊስ ጎን 6 እና 17። አንዳንዱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ቁጥሩ የምንድን ነው ስልሽ «የጤና ነው» አልሽኝ። መለኪያ የሌለው ቁጥር ቁጥር አይባልም ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጣሁሽ። በመጨረሻ ራሴ ፈታሁት፤ በአውሮፓ አለካክ የደም ስኳር ነው፣ ትንሹ ከቁርስ በፊት፣ ትልቁ ከቁርስ በኋላ። አሥራ ሰባት አደገኛ ነው። ከቤቱ ውስጥ ስኳር የሚባል ነገር በሙሉ አስወጣሁ። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ጽፌ፣ አማካይ አውጥቼ፣ አብሬሽ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ አየና የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ያንቺ ደም ንጹሕ ነበር። እኔ ግን ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ድርቅ አልኩ፤ አንቺም ከጎኔ ተቀምጠሽ ጉልበትሽን ታዪ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጣሽ። አንቺ፣ ሦስት ማንኪያ የምትጨምሪው።

ትልቁ ቁጥር ሰከንድ ነው ጽጌ። በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ሰከንድ። ትንሹ ደግሞ ከፍታው፣ በጫማ። ሞገድ ሥራዬ አይደለም እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ የሬዲዮ ሞገድ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ሚስቴ ግድግዳዬ ላይ ከፍታና ጊዜ እየጻፈች ስኳር አልኩት። ይኼኛው አልገባኝም። አንቺ ሒሳብ አልወድም ትዪ ነበር። ግን የስምንት ሰከንድ አራት ጫማና የአሥራ ሰባት ሰከንድ አራት ጫማ አንድ እንዳልሆኑ ዐውቀሻል፤ ረጅሙ ከሩቅ ማዕበል ተነሥቶ የመጣ፣ ጉልበቱን ከሥር የያዘ ነው፤ ዐለቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ሽቅብ ተነሥቶ ይቆማል። ውሃው ዝቅ ባለበት ሰዓት ደግሞ ከዐለቱ በላይ የሚቀረው ከወገብ አይበልጥም። ቀዮቹ ነጥቦች ያሉት ሁለቱ በተገናኙበት ቀን ላይ ነው። ዘገባው ያን ቀን «ጥሩ» ይላል። ለማን ነው ጥሩ? ብስጭቴ ወጥቶልኝ ለዘገባው አዘጋጆች ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምከስሳቸው ስላጣሁ ተውኩት።

ናሆምን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ሲሄድ «ዲግሪ ሳትይዝ በዚህ በር እንዳትገባ» ያልኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ካሊፎርኒያ ሄዶ ሆስፒታል ሥራ ያዘ ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። አመንኩ። ለሰውም ነገርኩ። ቀብርሽ ላይ፣ ትከሻው ላይ በጠበበው ኮት ቆሞ፣ አንገቱ ሥር ጠባሳ እየታየ፣ ሰዎች የት ነው የሚሠራው ሲሉኝ «ሆስፒታል» ብዬ መለስኩ። ሰምቶኛል። ጫማውን አየ እንጂ አላረመኝም። ለካ የሚጠግነው ሰው ሳይሆን የተሰነጠቀ የሰርፍ ቦርድ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያው ሪፍ ላይ ሞገድ ይጋልባል፣ ከዚያ ሰው በዐለቱ የሰበረውን ሰሌዳ ሲለጥፍ ይውላል። ጠባሳው የጠብ መስሎኝ ነበር። ለምን አላረመኝም? እኔ ብሆን አርመው ነበር።

ያቺ ዐረፍተ ነገርሽ የተጻፈችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዐለቱ ናሆምን ከአንገቱ እስከ ጀርባው በቀደደው ሳምንት ነው። አንቺ ሎስ አንጀለስ ለቅሶ ልድረስ ብለሽኝ ሄድሽ። ሠርግ ብትዪኝ የማን፣ የት፣ ለምን ሳንጠራ ቆየን እል ነበር። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ግን ማን ይጠይቃል? ይህን ዐውቀሽ ነው። እኔም የሐዘን መግለጫ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁሽ። ስትመለሺ «አመስግነውሃል፣ በጣም ተጽናንተዋል» አልሽኝ። በዓመቱ ሙት ዓመታቸው ደረሰ፣ ደውዪላቸው አልኩሽ። «እሺ» ብለሽ ስልክ ይዘሽ ጓሮ ወጣሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሽ። ማንን ነበር የምታናግሪው? ስልክሽ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ናሆም በሆዱ ተኝቶ ጀርባው በፋሻ ተሸፍኗል፤ በእጁ የእኔን ደብዳቤ ይዟል። ፊቱ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ፣ አጉልቼም አሳንሼም አይቼው አልለየሁም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ ቤት በምውልበት ቀን፣ ቁርስ አቅርበሽ አትበዪም ነበር። «ዛሬ ጾም አይደለም» እልሻለሁ፤ «ሆዴ አልፈለገም» ትያለሽ። በበዓለ ሃምሳ እንኳ፣ መጾም በማይፈቀድበት፣ ሳህንሽን ሸፍነሽ ትቀመጫለሽ። ቀኖናውን ከመጽሐፍ አውጥቼ አነበብኩልሽ። አንቺ ስልክሽን እያየሽ «ልክ ነህ» አልሽ። ረፋዱ ላይ ስልኩ አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ያን ጊዜ ሽፋኑን ገልጠሽ የቀዘቀዘውን ትበያለሽ። የናሆምን መልእክቶች አሁን አነበብኳቸው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። «እማ ወጣሁ። ኦኬ ነኝ። ብዪ።» አንቺ ደግሞ «ተመስገን። በላሁ።» አራት ዓመት፣ አብዛኛው ይኸው ነው። ከውሃው ሳይወጣ እህል ላትቀምሺ ተስለሽ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ማዶ ተቀምጬ ቀኖና አነብልሻለሁ።

ጽጌ፣ መጻፉን አላቆመም።

ቀብርሽን አድርሶ በተመለሰ ማግስት ስልክሽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እማ ወጣሁ። ስድስት ጫማ ነበር። ኦኬ ነኝ። ማለቴ ኦኬ አይደለሁም፣ ግን ወጣሁ።» ከዚያም በየቀኑ። ስምንት ወር ያህል ማንም ያላነበበው መልእክት ተከማችቶ ነበር። እኔ በከፈትኩት ቅጽበት እሱ ዘንድ «ተነብቧል» የሚል ምልክት መጥቷል፤ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ዐውቃለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን ደግሞ እሱ ያውቃል። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው «ወጣሁ።» ብቻ መጣ። «እማ» የለም፣ «ብዪ» የለም። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ለማን ነው የሚጽፈው? ላንቺ ከሆነ ሚስጥራችሁን እየሰረቅሁ ነው። ለእኔ ከሆነ ሁለት ወር ተኩል ልጄን መልስ ነፍጌዋለሁ። ሁለቱም ሊሆን አይችልም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ዘገባው ስምንት ጫማ፣ አሥራ ሰባት ሰከንድ አለ፤ የሰሜን ምዕራቡ ትልቅ ሞገድ ወቅት ጀምሯል። ሁኔታው በጣም ጥሩ። ከቢሮ ቀረሁ። እንቁላል ጠብሼ ተቀመጥኩ። ናሆም ከውሃው የሚወጣበት ሰዓት አለፈ። ውሃው ዝቅ የሚልበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። የዳላስንና የእሱን ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ አሰላሁ፤ ሁለት ነው፣ ሁልጊዜም ሁለት ነው። ስልክሽን በአንድ እጄ፣ ስልኬን በሌላው ይዤ በካላንደርሽ ሥር ቆምኩ። ለማን እንደሚደወል አላውቅም። ባሕር ላይ ሰው ሲጠፋ የትኛው ቢሮ ነው የሚጠየቀው? አንቺ ይህን ስንት ጠዋት ቆመሻል? ከኔ ጋር በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እኔ ስለ ስኳር እያወራሁ?

ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። «ወጣሁ። ቦርዱ ለሁለት ተሰበረ፣ በእግር በዐለቱ ነው የመጣሁት። ሶሪ ቆየሁ። ቁርስ ተበላ?»

ማንን እንደሚጠይቅ አልጻፈም። እንቁላሉ ደርቆ ነበር፤ እንዳለ በላሁት። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፦ ከሐምሌ ወዲህ አንድም ቀን እሱ ሳይወጣ ቁርስ በልቼ አላውቅም። ማንም አላዘዘኝም። ስለት አልተሳልኩም። ሆዴ አልፈለገም።

መልስ ግን አልጻፍኩም። «ተመስገን፣ በላሁ» ብዬ ባንቺ ስልክ ብመልስ አንቺን መስዬ መዋሸት ነው። በራሴ ስልክ ብጽፍ ደግሞ በሩን የዘጋሁበት ሰው ነኝ፤ ቀብርሽ ላይ እንኳ አላናገርኩትም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ስለ እንቁላል ሊሆን ነው። ከዚህ በላይ ማሰብ አቅቶኛል።

አንቺን የማስታውስበትን ግን ጀምሬያለሁ። የአራቱን ዓመት ካላንደሮች አውርጄ እያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን ጻፍኩበት፦ ጫማ፣ ሰከንድ። በአዲሱ ላይ ከመስከረም አንድ ጀምሮ እኔ እየጻፍኩ ነው፤ ያንቺን ቀይ ነጥብም አልተውኩም። እኔ እስካለሁ ያ ዐለት አንድም ቀን ሳይመዘገብ አያልፍም። ስኳሩም ወደ ቤት ተመልሷል።

አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው። ልጃችን የሚጽፈው ለማን ነው? በየትኛው ስልክ ልመልስለት? መልስሽ እስከ ሙት ዓመትሽ ቀን፣ እስከ ኅዳር ሃያ አንድ ድረስ፣ በጽሑፍ ይድረሰኝ። በሕልም አልቀበልም፤ ሰው ሕልምን እንደፈለገ ይተረጉማል። እስከዚያ ቀን ካልደረሰኝ ዝምታሽን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ፣ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ስም፣ «በላሁ፤ አንተስ?» ብዬ እጽፍለታለሁ።

ባልሽ ታደሰ
ዋይሊ፣ ጥቅምት ሁለት